አዲስ ጥለት ስንት ብር ያስገባል?

ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ «ዘንድሮ አዲስ ጥለት አወጣሁ» የሚል የሐበሻ ልብስ ነጋዴ አይጠፋም። ለመሆኑ ፈጠራ የሚለካው በወጣው ጥለት ብዛት ነው? በስኮች የሚታወቀው የአሜሪካው ስሪ ኤም ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከሽያጩ 30 በመቶው ገበያ ከገቡ አራት ዓመት ካልሞላቸው ምርቶች እንዲገኝ ግብ አስቀምጦ ነበር። ለሽሮ ሜዳ አራት ዓመት ይረዝማል፤ ያማረ ጥለት ሳይውል ሳያድር ጎረቤት ሱቅ ይሰቀላልና።

ስለዚህ ልኬቱ በዓመት ይሁን። እንበል ነጋዴው 1 ሚሊዮን ብር ሸጦ 200 ሺው ከዘንድሮው ጥለት ቢመጣ፣ ድርሻው 20 በመቶ ነው። ይህ ብቻውን ያሳስታል። ጥለቱ ሲቀዳ ዋጋው ይወርዳል፤ የሸማኔው የእጅ ዋጋና የድርና ማጉ ወጪ ግን አይቀንስም። የተረፈው ከነባሩ ጥለት ትርፍ ካነሰ፣ ለእንቁጣጣሽ ገንዘቡን አዲሱ ላይ ባያስር ይሻለዋል።