ጥቁሩ የደኑ፣ ቀዩ የእኛ

ባለፈው ክረምት በካፋ፣ ከቦንጋ ወደ ውሽውሽ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ደንና ማሳ በሚዋሰኑበት ቦታ ሁለት ጉድጓድ ቆፈርን። አንዱን ከዋንዛ ጥላ ሥር፣ ሌላውን ከሃያ እርምጃ ወዲህ፣ ደኑ ከተመነጠረ ሰባት ዓመት በሆነው የበቆሎ ማሳ ላይ። በደኑ ውስጥ የረገፈውን ቅጠል ገለጥ ስናደርገው እጅ ላይ የሚፍረከረክ ጥቁር ብስባሽ አገኘን፤ ቀጫጭን ሥሮች እንደ ድር ተጠላልፈውበታል። አንድ ስንዝር ያህል ወርዶ ቀይ አፈር ጀመረ። በማሳው ላይ ግን ገና አካፋው ሲያርፍ ቀይ ነው።

«አባባ፣ ጥቁሩ የት ሄደ?» አልኳቸው የማሳውን ባለቤት።

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው ልጄ። መጀመሪያ ጎተራው አልበቃንም ነበር። አሁን ያለ ማዳበሪያ አገዳው እንኳ አይቆምም።»

ሽማግሌው ሰነፍ ገበሬ አይደሉም። የተጎዱት በሰሙት ነገር ነው።

ተረት፦ «ይህን የሚያህል ዛፍ ያበቀለ መሬት ምን ያቅተዋል?»

ይህን አባባል በካፋ ያልሰማ የለም። ደላላው ይለዋል፤ መሬት ፈልጎ የመጣው ባለሀብት ይለዋል፤ ስብሰባ ላይም «ድንግል መሬት ነው፣ ዝናብ አለ፣ ምን ቀረ?» ሲባል ሰምቻለሁ። ተናጋሪዎቹ ከሦስት ዓመት በኋላ ማሳው ላይ አይገኙም። የሚገኘው ገበሬው ነው። እኔን የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው፤ ትርፉ የነጋሪው፣ ኪሳራው የሰሚው መሆኑ።

እውነታ፦ ዝናብ ያለመልማል፤ አፈርንም ያጥባል። በአብዛኛው የካፋ ክፍል በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ይህ ሁሉ ውኃ ወደ ታች ሲሰርግ ካልሲየሙን፣ ማግኒዚየሙንና ፖታሲየሙን እያሟሟ ይወስዳል። የሚቀረው በብዛት ብረትና አሉሚኒየም ነው፤ የአፈሩ ቅላትም ከብረቱ የመጣ ነው። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን አሉሚኒየሙ የሰብሉን ሥር ያቀጭጫል። ፎስፈረሱም ከብረቱና ከአሉሚኒየሙ ጋር ተጣብቆ ለተክሉ አይደርሰውም።

ታዲያ ደኑ እንዴት ኖረ? ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ይረግፋል፣ በእርጥበቱና በሙቀቱ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ዝናብ ሳይወስደው ከላይ ከላይ የተዘረጋው ሥር ይቀልበዋል። የደኑ ሀብት ጎተራ ውስጥ የተከማቸ እህል ሳይሆን ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር እቁብ ነው። ዛፎቹ ሲወድቁ እቁቡ ይፈርሳል። ጥቁሩን ብስባሽ ፀሐይ ያከስመዋል፣ ተዳፋት ከሆነ ደግሞ ጎርፍ ወደ ጎጀብ ወንዝ ይዞት ይወርዳል።

አባባሉ ግን ከባዶ የተነሣ አይደለም። የመጀመሪያው ዓመት በቆሎ በእርግጥ ያስደንቃል። የተቃጠለው ዛፍ አመድ እንደ ኖራ ሆኖ አሲዱን ያበርዳል፣ ብስባሹም ገና አላለቀም። ገበሬው በዓይኑ ያየውን ነው ያመነው። የመጀመሪያው ምርት ግን የሐሰት ምስክር ነው፤ የሚበላው ደኑ ለዘመናት ያጠራቀመውን ነው።

የካፋ ቀይ አፈር ከንቱ ነው ማለቴም አይደለም። ከእሳተ ገሞራ አለት የተገኘ፣ ጥልቅና ውኃ የሚይዝ አፈር ነው። የእንሰት ጓሮዎቻችን ይመስክሩ፦ እናቶቻችን በየቀኑ ፍግና የቤት ጥራጊ እያፈሰሱ ከትውልድ ወደ ትውልድ ያቆዩት መሬት ዛሬም ያበላል። ልብ በሉ፤ ጓሮው ለም የሆነው ስለተመገበ ነው። በሰፊ ማሳ ላይ ያንን ለማድረግ ብዙ ኖራ፣ ብዙ ፍግና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል።

«የውሽውሽ ሻይስ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ሻይ አሲዳማ አፈርና የማያቋርጥ እርጥበት የሚወድ ተክል ነው። በቆሎና ገብስ የሚቸገሩበት ነገር ለሻይ ምቾት ነው። የሻይ ቅጠል መለምለም አፈሩ ለሁሉም ሰብል ይስማማል ማለት አይደለም።

ከሀገር ወጥተን ብናይም ነገሩ ያው ነው። በአማዞን ሰማይ የሚነካ ደን በደሃ አፈር ላይ ቆሟል፤ ተመንጥሮ ለግጦሽ የዋለው መሬት ብዙው በጥቂት ዓመታት ተዳክሟል። በዓለም በለምነቱ የታወቀው የዩክሬን ጥቁር አፈር ደግሞ የሣር ምድር ነው። ዝናቡ የእኛን ሲሶ ገደማ ነው፣ ክረምቱም በረዷማ ነው። ዝናብ ስላነሰ አይታጠብም፤ ብርዱም የሣሩን ሥር ብስባሽ ያቆየዋል። የአየር ንብረቱ በአንዱ ቦታ ሀብቱን ከመሬት በላይ፣ በሌላው ከመሬት በታች አስቀመጠው።

ሌሎቹን ተረቶች አጠር አጠር አድርጌ ላንሳ።

ተረት፦ «ምድር ወገብ አጠገብ ያለ አገር ሁሉ ሐሩር ነው።» ቦንጋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ብትሆንም ማታ ብርድ ልብስ ያስፈልጋል፤ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናትና። 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ ዞን ውስጥ ከታች ቆላ፣ ከመሐል የቡና ደን፣ ከላይ ቀርከሃ እናገኛለን።

ተረት፦ «ቡና ጥላው ከተነሣለት እጥፍ ይሰጣል።» ለጥቂት ዓመት ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን አረቢካ በደን ጥላ ሥር የተፈጠረ ተክል ነው። ፀሐይ ሲበዛበት ከአቅሙ በላይ ያፈራል፣ ከዚያ ቅርንጫፉ ይደርቃል። ብራዚሎች በገላጣ ሜዳ የሚያመርቱት ብዙ ማዳበሪያ እያፈሰሱ ነው።

ተረት፦ «አንበሳ የሣር ሜዳ አውሬ ነው፣ ደን ውስጥ አይኖርም።» እ.ኤ.አ. በ2012 በካፋ ደን ውስጥ አንበሳ በፎቶግራፍ ተይዟል። የአካባቢው ሰው ደግሞ ካሜራው ከመምጣቱ በፊትም ያውቅ ነበር። ከአንበሳው ይልቅ ያለዚህ ደን መኖር የሚቸግረው ጉሬዛ ነው። ዋና ምግቡ ቅጠል ነው፤ በብዙ ክፍል የተከፈለ ሆዱ ቅጠሉን እያብላላ ይፈጨዋል። እንዲህ ያለ እንስሳ ዓመቱን ሙሉ የማይራቆት ዛፍ ይፈልጋል፤ ያንን ዛፍ የሚያቆመው ደግሞ ረጅሙ ዝናባችን ነው።

ተረት፦ «ደኑ ካለቀ ዝናቡ ይቆማል።» እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አብዛኛው ዝናብ የሚመጣው ከሩቅ፣ ከውቅያኖስና ከኮንጎ ተፋሰስ በሚነሣ እርጥበት ነው። ደኑ የተወሰነውን እርጥበት ወደ አየር መልሶ ይሰጣል፤ ምን ያህሉን እንደሆነ ግን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው እስካሁን ይከራከሩበታል። የማያከራክረው ሌላው ነው፦ ያው ዝናብ ደን ላይ ሲወርድ ምንጭ ይሆናል፣ ገላጣ ላይ ሲወርድ ጎርፍ።

ተረት፦ «ሙቀቱ ቢጨምር ቡናው ወደ ደጋ ይወጣል።» በከፊል እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት፣ እርምጃ ካልተወሰደ በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው የዛሬው የኢትዮጵያ የቡና መሬት ለቡና ላይመች እንደሚችል፣ ከፍ ያሉ ቦታዎች ግን አዲስ ዕድል እንደሚሰጡ አሳይቷል። ግን ተራራ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል፤ ደጋውም ባዶ አይደለም፤ እንሰት፣ ገብስና ባቄላ የሚያበቅል ባለቤት አለው። ቡናው የሚሸጋገረውም ጥላ የሚሆነው ደን እዚያ ከጠበቀው ነው።

የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበው ለጌጥ አይደለም። የደን ቡናው፣ ኮረሪማው፣ ጥምዙና ማሩ ዛፉ ሳይወድቅ የሚገኙ፣ በየዓመቱ የሚመለሱ ምርቶች ናቸው። በቆሎው ግን ደኑን አንዴ ይበላና ያበቃል።

መጥረቢያ ከማንሣታችሁ በፊት አካፋ አንሡ። ጉልበት ድረስ ቆፍሩና ተመልከቱ። ጥቁሩ የደኑ ነው፤ ደኑ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። ለእናንተና ለልጆቻችሁ የሚቀረው ቀዩ ነው።