ያውቁ ኖሯል? ቁም ነገሩ ማስወጣቱ ላይ ነው

ሰው ሲደነግጥ «አየር ሳብ፣ በደንብ ሳብ» የሚል መካሪ አይጠፋም። ምክሩ ግን ግማሽ ነው። አየር ስንስብ የልብ ምት ፈጠን፣ ስናስወጣ ዘግየት እንደሚል ያውቁ ኖሯል? ጀርመናዊው ካርል ሉድቪግ ይህን የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1847 ነው። ልጓሙን የሚይዘው ከአንጎል ተነሥቶ እስከ ሆድ የሚወርደው ቬገስ ነርቭ ነው። ጣትዎን አንጓዎ ላይ አሳርፈው በዝግታ ይተንፍሱ፤ በተለይ ወጣት ከሆኑ ልዩነቱ ጣትዎ ላይ ይታወቅዎታል።

ትንፋሽዎን ሲይዙ «በቃኝ» የሚያሰኝዎ በዋናነት የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መከማቸት መሆኑንስ? ስለዚህ ውሃ ውስጥ ከመጥለቅ በፊት ደጋግሞ በኃይል መተንፈስ ጉብዝና ሳይሆን አደጋ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስለሚሟጠጥ የሰውነት ማስጠንቀቂያ ይዘገያል፤ ዋናተኛው አየር ሳያምረው ራሱን ይስታል። ጭንቀት ይዞት ቁና ቁና የሚተነፍሰውን ሰው ራሱን የሚያዞረውና ጣቶቹን የሚነዝረውም ይኸው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መቀነስ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ሳብ» ማለት ነገር ማባባስ ነው።

የምናስወጣው አየር ገና 16 በመቶ ያህል ኦክስጅን አለው። ሲገባ 21 ነበር። አፍ ለአፍ የሚሰጥ እርዳታ የሚሠራው ለዚህ ነው።

ልብ ሳንለው በየጥቂት ደቂቃው አንድ ጊዜ በረጅሙ እንተነፍሳለን። ሥራው የተጨማደዱ የሳንባ ከረጢቶችን መልሶ መክፈት ነው። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት ሰዎች ይህንኑ ሆን ብለው በቀን ለ5 ደቂቃ፣ ለአንድ ወር አደረጉት፦ በአፍንጫ ሳብ፣ እሱ ሳይወጣ ትንሽ ጭማሪ፣ ከዚያ በአፍ ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው «እፎይ»። ስሜታቸው በጽሞና ከተቀመጡት ሌሎች ተሳታፊዎች ይልቅ ተሻሽሎ ተገኘ። ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ስለሆነ ለመሞከር ብዙ ማሰብ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

የጣሊያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳዩት የካቶሊኮች የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን ሲደገም፣ የዮጋ ማንትራም ሲባል፣ ትንፋሽ በደቂቃ ወደ 6 ይወርዳል። ያረፈ አዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 ይተነፍሳል። ማኅሌት የቆመ ሰው ይህን ለማመን የሚቸገር አይመስለኝም።

አፍን ገጥሞ ማንጎራጎር ደግሞ ከአፍንጫ የሚወጣውን ናይትሪክ ኦክሳይድ 15 እጥፍ ያህል ይጨምረዋል፤ የስዊድን ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2002 ለክተውታል። ጋዙ የደም ሥርን ያሰፋል።

የትንፋሽን ምት የሚመታው የአንጎል ክፍል «ፕሪ-ቦትዚንገር» ይባላል። ስሙ የመጣው ከጀርመን ወይን ጠጅ ጠርሙስ ነው!

ሁለቱ የአፍንጫ ቀዳዳዎችስ በየጥቂት ሰዓቱ ተራ እንደሚገቡ ያውቁ ኖሯል? አሁኑኑ አንዱን በጣት ገጠም፣ ከዚያ ሌላውን፦ ብዙ ጊዜ አንደኛው ጠበብ ብሎ ይገኛል።