ስለ ሕፃናት አስተዳደግና ስለ ቤት ቀልድ

በብዙው የአማራ አገር ወንድ ልጅ በተወለደ ጊዜ ሰባት፣ ሴት ልጅ በተወለደች ጊዜ ሦስት እልልታ ማሰማት የቈየ ልማድ ነው። ሕፃኑ ግን ይህን ቍጥር አያስተውልም፤ ወንድ ወይም ሴት መሆን ምን እንደ ሆነ የሚማረው ኋላ ቆሞ መሄድ በጀመረ ጊዜ ነው፤ መምህሩም የቤቱ ቀልድ ነው።

በላስታ ደጋ የአራት ዓመት ወንድ ልጅ ወድቆ ያለቀሰ እንደ ሆነ፣ አያቱ «እንዴ፣ ሴት ሆንህን? ቀሚስ ይምጣልህን?» ይሉታል፤ ቤተ ሰቡም ይሥቃል፤ ልጁም እንባውን ይውጣል። ከእናቱ ጋራ ምድጃ ዳር መቀመጥ ያበዛ እንደ ሆነ «ጓዳ ገብ» ይባላል። እኅቱ ደግሞ ዛፍ ላይ የወጣች ወይም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የሣቀች እንደ ሆነ «ወንዳ ወንድ፤ ማን ሊያገባሽ ነው?» ትባላለች። ይህን የሚናገሩት ኹሉ ልጆቹን የሚወዱ ናቸው፤ ክፉ ሐሳብም የላቸውም። ነገር ግን ሕፃን ቀልድን ከትእዛዝ ለይቶ ስለማያውቅ፣ ወንዱ በጎች መከተል፣ ሴቲቱም ውሃ መቅዳት በሚጀምሩበት ዕድሜ ያ ሣቅ በልባቸው ሕግ ሆኖ ይገኛል። ወንዱ ሊጥ መንካትን ነውር፣ ሴቲቱም በሰው ፊት መናገርን ድፍረት አድርገው ይቈጥሩታል።

ለዚህ ቀልድ መልስ የሚሆነው ነገር ከሩቅ አገር የሚመጣ አይደለም። በየደብሩ ዲያቆኑ ቤተ ልሔም ገብቶ ዱቄቱን ለውሶ ለቅዳሴ የሚሆነውን ኅብስት ይጋግራል፤ ስለዚህ ሥራ «ሴታ ሴት» የሚለው ሰው የለም። በላሊበላም ቤተ አባ ሊባኖስን ያሳነጸችው የንጉሡ ሚስት መስቀል ክብራ እንደ ሆነች፣ መላእክትም እንደ ረዷት በትውፊት ይነገራል፤ ይህን ታሪክ ሰምታ ያደገች ልጅ ግን ድንጋይ ተሸክማ ካብ ስትክብ ብትገኝ ይሣቅባታል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን መጠመቃቸውንም ለቀልድ የሚያውሉት አሉ። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት መግባታቸውን ይናገራል፤ የገቡባት ገነት ግን አንዲት ናት።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ የበላይ አድርጎት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ይህን ለውጦ ባልና ሚስት እኩል መብት እንዲኖራቸው ደነገገ፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተ ሰብ ሕግ አወጣ። የምድጃ ዳር ቀልድ ግን በአዋጅ አይሻርም፤ ቀን በጉባኤ ስለ እኩልነት የተናገረ ሹም እንኳ ማታ ከልጆቹ ጋራ ሲጫወት ያንኑ ይደግመዋል።

ይህም ሲሆን ላስታ በዓመት አንድ ጊዜ ቀልዱን ገልብጦ ያየዋል። የፍልሰታ ጾም በተፈታ ጊዜ፣ ከነሐሴ 16 እስከ 21 ቀን፣ ልጃገረዶች አሸንድዬ የተባለውን ረዥም ለምለም ሣር በወገባቸው ታጥቀው፣ ከበሮ ይዘው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ይጫወታሉ። በዓሉ በዋግ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። በእነዚህ ቀኖች ስጦታ የሰጠውን ያወድሱታል፤ የነፈገውን ደግሞ በግጥም ይወጉታል፤ የተወጋውም ሽማግሌ ቢሆን፣ ሹምም ቢሆን፣ መሣቅ እንጂ መቈጣት አያምርበትም። ዓመቱን ሙሉ «ዝም በይ» ስትባል የኖረችው ልጅ በአንድ ሌሊት ባለ ግጥም አልሆነችም፤ ቃሉ በአፏ ነበረ፤ የጐደላት ፈቃድ ነው።

በዚያ ቀን ታናሽ ወንድሟ ከደጅ ቆሞ ከበሮውን ይሰማል፤ እግሩም ከዜማው ጋራ ይንቀሳቀሳል። ከኋላው «ቀሚስ ይምጣልህን?» የሚል ድምፅ በተሰማ ጊዜ ግን እግሩን ሰብስቦ ወደ በጎቹ ይመለሳል።