የፕላስቲክ ጥሩር ለልጅ ስንገዛ

ኅዳር 29፣ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲቃረብ የሰባት ዓመቱ የልጅ ልጄ በዱንጉዛው ላይ የሚደርበው የፕላስቲክ ጥሩርና ጋሻ ካልተገዛልኝ አለ። ከአርባ ምንጭ ገበያ ገዛሁለት።

ስትመርጡ ሽታው የማይሰነፍጥ፣ ሲታጠፍ የማይሰነጠቅ ይሁን። ልጁን አስቀምጣችሁ ለኩት፤ ሲቆም ልኩ የሆነ ጥሩር ሲቀመጥ አንገቱን ይወጋዋል። በእስክሪብቶ ምልክት አድርጋችሁ በአንገቱና በብብቱ በኩል ጥቂት በጥቂት በመቀስ ቁረጡ፤ አንዴ የተቆረጠ አይመለስም። ስለታም ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ በጨርቅ ፕላስተርም ሸፍኑት።

እኔ ጦሩን ትቼ በቀኝ እጁ እርጥብ ሣር አስያዝኩት። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በከተማችን ቁጣ የነዳቸውን ወጣቶች የጋሞ አባቶች ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው እንደመለሷቸው እየነገርኩ አለበስኩት።