ዝናብ አይከሰስም

በካፋ ዞን መንገድ በተቆረጠ ቁጥር የሚሰማው ምክንያት አንድ ነው፤ «ዘንድሮ ዝናቡ በረታ»። ዝናቡስ እውነት ነው። በቦንጋና በአካባቢዋ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ ወቅቱም እንደ ሰሜኑ አገር ሰኔ ገብቶ መስከረም የሚወጣ ሳይሆን ከመጋቢት እስከ ጥቅምት የሚጎተት ነው። ነገር ግን ሰበቡን የሚያፈርሰው ይኸው እውነት ነው። በየዓመቱ ወሩን ጠብቆ የሚመጣ ነገር ድንገተኛ አይባልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1792 አንድ ነገር ከአቅም በላይ እንዲባል ባለግዴታው አስቀድሞ ሊገምተው የማይችለው መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፤ የካፋን ዝናብ የማይገምት የመንገድ ባለሙያ ደግሞ የለም። እንግዲህ መንገዱ ሲፈርስ መጠየቅ ያለበት ውሃው መውጫውን ያጣው በማን እጅ ነው የሚለው ነው።

የጠጠር መንገድ ዕድሜ የሚወሰነው ውሃን ከላዩ በማባረር ችሎታው ነው። መሃሉ ከፍ ብሎ ወደ ግራና ቀኝ ከ4 እስከ 6 በመቶ እንዲያዘነብል የሚደረገው፣ ዳርና ዳሩ ቦይ የሚቆፈርለት፣ በየርቀቱም ከሥሩ ቱቦ የሚቀበርለት ለዚሁ ነው። ጥገና ማለት በአብዛኛው ይህን ቅርጽ መመለስ ሆኖ ሳለ ጥገናው ራሱ ቅርጹን የሚያጠፋበት ጊዜ አለ። ሐምሌ ላይ ቀዩ አፈር ውሃ ጠጥቶ እንደ ሊጥ በላላበት ሰዓት ግሬደር ይገባል። ስለቱ ቦይ ውስጥ የተጠራቀመውን ጭቃና ሣር እየገፈፈ መሃል መንገድ ላይ ያፈስሰዋል፤ የተረፈውን ጠጠርም ከጭቃው ጋር ይደባልቀዋል። ሮለር ስለማይከተለው አፈሩ አይጠቀጠቅም። በዳሩ የቀረው ክምር ደግሞ ውሃው ወደ ቦይ እንዳይወርድ ያግደዋል። በማግሥቱ የተስተካከለ የመሰለው መንገድ ጥቂት ዝናብ እንዳገኘ ራሱ ቦይ ሆኖ ያርፈዋል።

አስፋልቱም ከዚህ አያመልጥም። ከጅማ ተነስቶ ጎጀብን ተሻግሮ በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን የሚዘልቀው መንገድ ብዙ ቦታ ተዳፋት እየቆረጠ ነው የሚሄደው። ናዳ ሲወርድ ዶዘር ወይም ሎደር ይጠራል፤ መንገዱን ቶሎ መክፈት ስለሚያስፈልግ አፈሩ ወደ ቀረበው ዳር ይገፋል። ያ ዳር የቱቦ አፍ ከሆነ ቱቦው ይደፈናል፣ መውጫ ያጣው ውሃ አስፋልቱን ከሥር ይቦረቡረዋል፣ ውሎ አድሮም የመንገዱ ትከሻ ይናዳል። በረዶ በሚጥልባቸው አገሮችም ተመሳሳይ ክርክር አለ። የበረዶ መጥረጊያው ስለት አስፋልት ይፍቃል፣ የጠርዝ ድንጋይ ይነቅላል፣ በየደጃፉ የቆመ የፖስታ ሣጥን ይገጫል። ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ስለቱ በቀጥታ የመታውን ይክሳሉ፤ ከስለቱ ተገፍቶ የተወረወረው በረዶ ላደረሰው ጉዳት ግን አይከፍሉም። ይህ መለኪያ ለካፋ አይሆንም። እዚህ ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ስለቱ ከነካው ቦታ ርቆና ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ማሽኑን ያሰማራው አካል መጠየቅ ያለበት ማሽኑ በነካው ብቻ ሳይሆን ውሃውን ወዴት መርቶት እንደሄደም ጭምር ነው።

«መንገዱን የጨረሰው ሲኖትራክ ነው» የሚል መከራከሪያም አለ፤ ፍሬ ቢስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት የተካሄደው ሰፊ የመንገድ ሙከራ እንዳሳየው ጉዳቱ የሚያድገው ከአክስሉ ክብደት በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ነው። ከዚያ በወጣው ስሌት መሠረት 10 ቶን ሊሸከም በሚገባው አክስል ላይ 12 ቶን ቢጫን ጭማሪው 20 በመቶ፣ ጉዳቱ ግን እጥፍ ይሆናል። ካሜሩን ዝናብ በዘነበ ጊዜ የጠጠር መንገዶችን ለከባድ መኪና ለሰዓታት የምትዘጋው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለእኛም ሊታሰብበት የሚገባ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ የመኪናው ጥፋት የጠጋኙን ጥፋት አይሽረውም። ቦዩ ክፍት የሆነለት መንገድ ደርቆ ጭነቱን ይችላል፤ ውሃ የቋጠረው ግን ሕጋዊ ጭነትም ያሰጥመዋል። ሁለተኛ ተጠያቂ መገኘቱ የመጀመሪያውን ነጻ አያወጣም።

ሕጉ ለዚህ በር አልዘጋም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ደንግጎ፣ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ሲሆን ተጎጂው መንግሥትን ካሳ መጠየቅ እንደሚችል፣ መንግሥትም ዞሮ ጥፋተኛውን ሊጠይቅ እንደሚችል ይገልጻል። ስለዚህ የታዘዘውን በቅንነት ከሠራው ኦፕሬተር ይልቅ በክረምት አጋማሽ ያለ ሮለር የላከው መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይቀድማል። እንቅፋቱ ማስረጃ ነው። ዋናው መንገድ የፌዴራሉ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር፣ የገጠሩ የክልሉና የወረዳው፣ የከተማው ውስጥ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። በዚህ ላይ ነዋሪው መኪና ወደ ግቢ ለማስገባት ደጃፉ ያለውን ቦይ በድንጋይ ይሞላል። ማን መቼ ምን እንደነካ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ሁሉም ጣቱን ወደ ሌላው ይቀስራል፤ በመጨረሻም ጥፋቱ ዝናቡ ላይ ይወድቃል።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሳሉ። አንደኛው፣ ተጠያቂነት ከበዛ ናዳ በወረደ ሌሊት የሚደርስ ማሽን አይኖርም የሚለው ነው። እናት ምጥ ይዟት መንገድ ሲዘጋ ስለ ቱቦ አፍ መከራከር አይቻልም፤ ይህ እውነት ነው። የአደጋ ጊዜ መክፈትና መልሶ ማስተካከል ግን ሁለት ሥራዎች ናቸው። ለመጀመሪያው ፍጥነት ይበቃል፤ ሁለተኛው በቀናት ውስጥ ካልተሠራ ጥፋቱ ይጀምራል። ሌላው ተቃውሞ የበጀት ነው። ይሁንና ቦይ በአካፋ መጥረግና የቱቦ አፍ መክፈት ከጥገና ሁሉ ርካሹ ነው፤ ውዱ የፈረሰውን እንደገና መሥራት ነው። ደግሞም በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ አንዱ የገቢ ምንጭ ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰብ ክፍያ ነው። የካፋ አሽከርካሪ ነዳጅ በቀዳ ቁጥር ለጥገና ከፍሏል፤ ጥገናው መንገዱን ሲያበላሽበት መጠየቁ የገዢ መብት ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ማሽን የሚያሰማራ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ወይም ተቋራጭ አንድ ገጽ ቅጽ ይሙላ፦ ቀን፣ የመንገዱ ክፍል፣ ማን እንዳዘዘ፣ የቦዮቹና የቱቦዎቹ ሁኔታ ከሥራው በፊትና በኋላ። የቀበሌው ተወካይ አይቶ ይፈርም፤ ግልባጩም ቀበሌው ዘንድ ይቅር። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ከመመሥረቱ በፊት የካፋ ሰው የክልል አቤቱታውን ይዞ ሐዋሳ ድረስ መሄድ ነበረበት። ዛሬ የክልሉ አስተዳደር መቀመጫ ቦንጋ ነው፤ የርቀት ሰበብ ቀርቷል። ቅጹ በእጁ ያለ ቀበሌ ቱቦው በየትኛው ቀን፣ በማን ትእዛዝ እንደተደፈነ ስለሚያውቅ «ዝናቡ በረታ» የሚል መልስ ተቀብሎ አይመለስም።