መንገዱ ሰፍቷል፤ ሰልፉስ?

ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ መገናኛ የቆመ ሰው ሁለት ሰልፍ ያያል፤ አንዱ የታክሲ ጠባቂው ነው፣ ሌላው የመኪናው ነው። ለማስተማር ልምምድ ወደየትምህርት ቤቱ የምንበተን ሁሉ ሁለቱንም በደንብ እናውቃቸዋለን። "መንገዱ ይህን ያህል ሰፍቶ እንዴት እንቆማለን?" የሚለው ጥያቄ በመምህራን ክፍልም በምግብ አዳራሽም ስለበዛ፣ በዚህ እትም ነገሩን ለማብራራት ሞክረናል።

በመጀመሪያ የመሬቱን አቀማመጥ እንይ። የከተማችን ሰሜን በእንጦጦ ተራራ የተዘጋ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ይህ ተራራ እነ ቀበናን ወደ ደቡብ ይለቃቸዋል፤ እነርሱም ሸለቆ እየቆፈሩ ይወርዳሉ። ስለዚህ ከምሥራቅ ተነሥቶ ወደ አራት ኪሎና ወደ ፒያሳ የሚሄድ ሰው በቀኙ ተራራ፣ ከፊቱ ወንዝ አለበት፤ መሻገሪያው ደግሞ በጣት የሚቆጠር ድልድይ ነው። በአንጻሩ መገናኛ ላይ የሚገናኘው ብዙ ነው፦ በላምበረት በኩል የኮተቤና የደሴ መንገድ፣ የሲኤምሲና የአያት መንገድ፣ የቀለበት መንገዱ፣ የሃያ ሁለት መንገድ፣ የሾላ መንገድ። ስሙን ያወጣለት ሰው አልተሳሳተም።

በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎ በቀበናና በእንግሊዝ ኤምባሲ አድርጎ መገናኛ የሚደርሰው መንገድ እንደገና ተሠርቷል። እንደ እኛ አስተያየት ከሥራው ሁሉ የሚመሰገነው የእግረኛው መንገድ ነው፤ ከከተማው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር የሚደረግ ነውና። የመኪናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው።

ጀበና ሆዱ የቱንም ያህል ቢሰፋ ቡናው የሚወጣው በአንገቱ ነው። መንገድም እንደዚያው ነው። መብራት አረንጓዴ ሲሆን በአንድ ረድፍ (ሾፌሮች ሌይን የሚሉት ነው) በግምት በየ2 ሴኮንዱ አንድ መኪና ያልፋል። ይህ በሰዓት 1,800 ይሆናል። አረንጓዴው የሰዓቱን ግማሽ ብቻ ከበራ 900 ቀረ ማለት ነው። እንግዲህ ከኋላ ሦስት ረድፍ፣ መስቀለኛው ላይ ሁለት ረድፍ ቢሆን የሚያልፈው 1,800 ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ረድፍ መቆሚያ ሆነ እንጂ መሄጃ አልሆነም። ቀኝ ረድፍ ላይ ታክሲ ቆሞ ሲጭን ደግሞ ያ ረድፍ ለጊዜው የለም። ወያላውን መስደብ ይቀናናል፤ መጫኛ ቦታ ካልተሰጠው ታዲያ የት ይጫን?

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይከብዳል። መንገድ ሲሰፋ ድሮ በመጨናነቁ የቀረው ሰው ይመጣል፦ አንዱ መኪናውን ያስነሣል፣ ሌላው ሰዓቱን ይለውጣል፣ ሌላው ርቆ ቤት ይይዛል። በአሜሪካ ሂዩስተን ከተማ የኬቲ አውራ ጎዳና እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. የማስፋት ሥራው ሲያልቅ፣ የዳርና ዳር መንገዶቹ ተቆጥረው በሰፊው ቦታ 26 ረድፍ ደርሶ ነበር። ሆኖም ከ2011 እስከ 2014 ባለው ጊዜ የጠዋቱም የማታውም ጉዞ ረዘመ እንጂ አላጠረም። የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ጭሱን ይቀንሳል እንጂ የሚይዘው ቦታ ያው ነው።

በእኛ ከተማ ደግሞ የተለየ ነገር አለ። መንገዱ እንዲሰፋ ከዳሩ የነበሩ ቤቶችና ሱቆች ተነሥተዋል፤ ከነዋሪውም ብዙው ወደ ከተማው ጫፍ ተዛውሯል። ከዚያ በፊትም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተሠሩት እንደ የካ አባዶ ያሉ የኮንዶሚኒየም መንደሮች ብዙ ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ወስደዋል። ሰዉ ሲሄድ ግን ሥራው፣ ሐኪም ቤቱ፣ አንዳንዴም የልጁ ትምህርት ቤት አብሮት አልሄደም። ትናንት በእግሩ ይደርስ የነበረው ሰው ዛሬ ጠዋትና ማታ በመገናኛ ያልፋል። መንገዱን ለማስፋት የተነሣው ሰው ራሱ የመንገዱ አዲስ ተሳፋሪ ሆኗል ማለት ነው። ክፍል ውስጥ አርፍዶ የሚገባውን ልጅ ከመቆጣታችን በፊት ከየት እንደመጣ መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ከመኪናው ይልቅ ሰውን መቁጠር ነው። 60 ሰው እንውሰድ። በአንድ የቤት መኪና በአማካይ አንድ ሰው ተኩል ቢሳፈር 40 መኪና ያስፈልገዋል፤ ለእያንዳንዱ 7 ሜትር ብንሰጥ ሰልፉ 280 ሜትር ይሆናል። በሚኒባስ 5 መኪና፣ 35 ሜትር ነው። በአውቶቡስ አንድ ብቻ፣ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ለአውቶቡስ የተለየ ረድፍ መስጠት ለባለ መኪናው የተቀማ መስሎ ቢታይም ሒሳቡ ይህ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ከአያት በመገናኛ የሚያልፈው ቀላል ባቡርም የታሰበው ለዚሁ ነበር፤ ዳሩ ግን ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት በ2015 ዓ.ም. ገደማ ቆመው ነበር። ሐዲዱ ኖሮ ባቡሩ ከሌለ ተሳፋሪው ወደ ታክሲው ሰልፍ ይመለሳል።

አንድ ነገር ቀረን፤ መሻገሪያው። በሴኮንድ 1 ሜትር የሚራመድ ልጅ 14 ሜትር መንገድ በ14 ሴኮንድ ይሻገራል። መንገዱ 21 ሜትር ሲሆን 21 ሴኮንድ ይፈልጋል፤ መብራቱ ግን ላይጠብቀው ይችላል። በከተማችን በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ስለዚህ መካከሉ ላይ ማረፊያ ደሴት መኖሩን፣ ዜብራው ከትምህርት ቤቱ በር ምን ያህል እንደሚርቅ ማየት የእኛም ሥራ ነው።

ለልምምድ የምትወጡ ዕጩ መምህራን ይህን ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ተማሪዎቹ ከእግረኛው መንገድ ሳይወርዱ ለ15 ደቂቃ የሚያልፈውን የቤት መኪና፣ ሚኒባስና አውቶቡስ ለየብቻ ይቁጠሩ፤ ከዚያ በሰው ያባዙት። ውጤቱን ከቦታውና ከሰዓቱ ጋር ጽፎ ያመጣልን ቡድን ካለ፣ በሚቀጥለው እትም እዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፈዋለን።