የባሕር ደመና ክዳንና የከሚሴ በልግ

አንባቢ ሆይ፤ በየካቲት ወይም በመጋቢት ወር ከአዲስ አበባ ወደ ከሚሴ በአውቶቡስ ተጉዘው ያውቁ እንደ ሆነ የጣርማ በርን ጉም አይረሱትም። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በዚያ ስፍራ ሾፌሩ በቀን መብራት አብርቶ ያዘግማል፤ ተሳፋሪውም ጋቢውን ይከናነባል። ቁልቁለቱን ወርደው፣ ደብረ ሲናንና ሸዋ ሮቢትን አልፈው፣ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ከከሚሴ ሲደርሱ ግን ፀሐይ ያቃጥልዎታል። ገበሬውም በደረቀው ማሳው ዳር ቆሞ ወደ ምሥራቅ ይመለከታል።

ወደ ምሥራቅ መመልከቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የበልግ ዝናብ ውሃ በአብዛኛው ከዚያው ወገን፣ ከዐረብ ባሕር፣ ከኤደን ባሕረ ሰላጤና ከቀይ ባሕር በነፋስ ተጭኖ የሚመጣ ነው። በልጉ በጊዜው ከጣለ ገበሬው በሚያዝያ ረዥም ጊዜ የሚፈልገውን ማሽላ ይዘራል፤ ከቀረ ግን ክረምቱን ጠብቆ ቶሎ የሚደርስ ጤፍ ወይም ማሾ ለመዝራት ይገደዳል። ከከሚሴ እስከ አሰብ በቀጥታ ቢለካ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ባሕሩም ከቶ አይደርቅም። ታዲያ ዝናቡ አንዳንድ ዓመት ስለ ምን ይቀራል? ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ዛሬ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ስለሚታለፈው ስለ አንዱ እንጫወት።

በኅዳር ማለዳ ከሚሴ ላይ ቢነሡ፣ ከየቤቱ የሚወጣው የምድጃ ጪስ ጥቂት ከፍ ካለ በኋላ መውጣቱን ትቶ በቦርከና ሸለቆ ላይ እንደ ነጠላ ሲዘረጋ ያያሉ። ከላዩ ያለው አየር ሞቅ ያለና ቀላል ስለ ሆነ እንደ ድስት ክዳን ያግደዋል። በባሕር ላይም እንዲሁ ነው። ከውሃው የተነሣው እርጥብ አየር ብዙ ጊዜ ከ500 እስከ 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ሞቃትና ደረቅ አየር ያግደውና ከበታቹ ታፍኖ ደመና ይሆናል። እንደ ምንጣፍ የሚዘረጋውን ይህን ስስ ደመና ሊቃውንት ስትራቶኩሙለስ ይሉታል፤ በዓመት አማካይ ከምድር ፊት አንድ አምስተኛ ያህሉን ይሸፍናል። በእኛ በጋ በቀይ ባሕር ላይ የሰሜንና የደቡብ ነፋሶች በሚገናኙበት ስፍራም እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ደመና ይታያል። ከሚሴ ከባሕር ወለል 1,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች መሆኗን ልብ ይበሉ፤ የባሕሩ ክዳን ከእርስዋ እኩል ወይም ከበታችዋ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደሚያስደንቀው ነገር እንምጣ። ወጥ ሲሠራ እሳቱ ከታች ነው፤ የሞቀው ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ይወርዳል። የባሕር ደመና ግን ከላይ በመቀዝቀዝ ይማሰላል። የደመናው ጫፍ ሙቀቱን በማይታይ ጨረር ወደ ሰማይ ይሰዳል፤ የበረደውም አየር ከብዶ ወደ ባሕሩ ይወርዳል፤ በምትኩ ከታች እርጥብ አየር ወጥቶ ደመናውን ይመግበዋል። ይህ የአየር ነውጥ ሌሊት ያይላል፤ ቀን ፀሐይ ደመናውን ስለምታሞቀው ይደክማል፣ ደመናውም ይሳሳል።

ነገር ግን ያው ነውጥ ክዳኑንም ይፍቃል። ከላይ ያለውን ደረቅ አየር በጥቂት በጥቂቱ ስቦ ያስገባል፤ እርሱም የደመናውን ጠብታ መልሶ ወደ ተን ይለውጠዋል። እንግዲህ ደመናውን የሚመግበውም የሚበላውም አንዱ ነውጥ ነው።

ይህን ትግል አሜሪካዊው ዳግላስ ሊሊ እ.ኤ.አ. በ1968 በሒሳብ ገለጠው። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ሊቃውንት በካሊፎርኒያ ጠረፍ፣ አብዛኛውን በሌሊት፣ በአውሮፕላን እየበረሩ ሲለኩ ደረቁ አየር ወደ ደመናው የሚገባበት ፍጥነት በሰከንድ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ጉንዳን እንኳ ከዚያ ትፈጥናለች። የቀድሞው ስሌት ይበተናል ያለውም ደመና ሳይበተን ታየ። የትንበያ ኮምፒውተሮች ሰማዩን በኪሎ ሜትር ከፋፍለው ስለሚያሰሉ ይህን የመሰለ ጥቃቅን እንቅስቃሴ በግምት እንጂ በቀጥታ ሊያዩት አይችሉም።

ወደ ከሚሴ እንመለስ። እርጥቡ አየር ከክዳኑ በታች ታፍኖ እስካለ ድረስ ነፋሱ ወደ አፋር ቆላ ቢያመጣውም ብዙ ዝናብ አይሰጥም። ከሜዲትራንያን ወገን ቀዝቃዛ አየር በከፍታ ሲያልፍ ግን ክዳኑ ይላላል፤ እርጥቡ አየርም የሸዋንና የወሎን ገደል ተጠግቶ ሽቅብ ይወጣል፤ ከሚሴም በልጓን ታገኛለች። የዝናብ መቅረት፣ የሰው ቸልታ ሲጨመርበት፣ ምን እንደሚያደርስ ወሎ በ1965 እና በ1966፣ ደግሞም በ1977 ዓ.ም. አይቷል።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበልግን ትንበያ «ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች» እያለ በዕድል መጠን የሚሰጠው በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው። አንባቢ ሆይ፤ ይህ ወረቀት ከመሥሪያ ቤትዎ ጠረጴዛ ሲደርስ በፋይል አስረው አያስቀምጡት፤ «ይዘንባል» ወይም «አይዘንብም» ብለውም አያሳጥሩት። የዕድሉን መጠን እንዳለ ለገበሬው ይንገሩት። እውነቱን የሰማ ገበሬ ከማሳው ግማሹን ማሽላ ዘርቶ፣ ለቀረው የማሾ ዘር በጎተራው ያቆያል።